ውሃ እየጠጣ የሚጠወልግ ችግኝ፦ ከጅሩ ለቀረበ ጥያቄ የተሰጠ ምላሽ

ጥያቄው የመጣው በሰሜን ሸዋ፣ በሞረትና ጅሩ ወረዳ፣ ከእነዋሪ አቅራቢያ በማኅበር ተደራጅተው ችግኝ ከሚያፈሉ ወጣቶች ነው። ጠያቂው እንደገለጹት ማኅበሩ 8,000 ያህል የሐበሻ ጥድ፣ የግራቪሊያና የጌሾ ችግኞችን 8 ሴንቲ ሜትር ወርድና 15 ሴንቲ ሜትር ቁመት ባለው ፕላስቲክ ከረጢት አፍልቷል። ከረጢቱ የተሞላው ሦስት እጅ የአካባቢው ዋልካ አፈር፣ ሁለት እጅ የከብት ፍግና አንድ እጅ አሸዋ ተቀላቅሎ ነው። ከጉድጓድ በሞተር በሚሳብ ውሃ ጠዋትና ማታ ያጠጣሉ፤ በቀን 12 በርሜል ያልቃል። ይህ ሁሉ እየተደረገ ችግኞቹ ቀጭጨዋል፤ አዳዲሶቹ ቅጠሎች ጅማታቸው አረንጓዴ ሆኖ መካከሉ ገርጥቷል፤ በከረጢቱ አፈር ላይ ነጭ ቅርፊት ይጋገራል፤ ቀትር ላይ አፈሩ እርጥብ ሆኖ ሳለ ችግኙ ይጠወልጋል። ዩሪያና ኤንፒኤስ በእፍኝ እየዘገኑ በበርሜል በጥብጠው ቢያጠጡም መሻሻል አላዩም፤ ግራቪሊያው እንዲያውም ብሶበታል። ጠያቂው ደብዳቤያቸውን የጨረሱት «ለነዳጅና ለማዳበሪያ የምናወጣው ገንዘብ ከችግኙ ዋጋ ሊበልጥ ነው፤ ምን ብንጨምርበት ይሻላል?» በሚል ነው።

ከተዘረዘሩት ምልክቶች እንደምረዳው የችግኞቹ ሥር ያጣው አየር ነው። ውሃም ማዳበሪያም ከሚፈለገው በላይ እየገባ ነው፤ ነገር ግን አየር ያጣ ሥር ውሃውንም ምግቡንም መሳብ ስለማይችል ችግኙ በውሃ መካከል ቆሞ ይጠማል፣ በማዳበሪያ መካከል ቆሞ ይራባል። ስለዚህ መጀመሪያ መስተካከል ያለበት የከረጢቱ ድብልቅ አፈር ነው። ድብልቁ ሳይስተካከል ውሃ ቢቀንሱ ችግኙ ይደርቅብዎታል፤ ቢጨምሩ ይታፈንብዎታል፤ ማዳበሪያውም በሁለቱም መንገድ ይባክናል። የውሃና የማዳበሪያ ቁጠባ የሚገኘው ድብልቁ ከተስተካከለ በኋላ ነው፤ ያን ጊዜ ደግሞ ያለ ብዙ ድካም ይገኛል።

በማሳ ላይ ያለ አፈርና በከረጢት ውስጥ ያለ አፈር አንድ ዓይነት ቢሆኑም ጠባያቸው ይለያያል። የማሳ አፈር ጥልቅ በመሆኑ የዘነበው ውሃ ከአፈር ወደ አፈር እየተሳበ ወደ ታች ይወርዳል፤ ከላይኛው ክፍል ውሃው በለቀቀው ቦታ አየር ይተካል። የከረጢት አፈር ግን 15 ሴንቲ ሜትር ላይ ይቋረጣል። ውሃው ከታች ሲደርስ የሚስበው ሌላ አፈር ስለማያገኝ፣ በቅንጣቶቹ መካከል ያሉት ጠባብ ቀዳዳዎች ውሃውን የሚይዙበት ኃይልም ከስበት ስለሚበልጥ፣ ከረጢቱ የቱንም ያህል ቢበሳ የታችኛው ክፍል ውሃ እንደሞላው ይቀራል። የዚህን ውሃ የሞላ ክፍል ከፍታ የሚወስነው የድብልቁ ልመት ነው፤ የከረጢቱ ቁመት አይለውጠውም። ለምሳሌ በአንድ ድብልቅ ውስጥ ይህ ክፍል 6 ሴንቲ ሜትር ቢሆን፣ በ12 ሴንቲ ሜትር ከረጢት ውስጥ የሥሩ ግማሽ ቦታ አየር አልባ ይሆናል፤ በ20 ሴንቲ ሜትር ከረጢት ውስጥ ግን ከሲሶ ያንሳል። አጭር ከረጢት በለመ አፈር ሲሞላ ችግኝ የሚቀጭጨው በዚህ ምክንያት ነው። ብዙ አፍዪዎች ይህን ለማስተካከል ከከረጢቱ ሥር ጠጠር ያደርጋሉ፤ ይህ ግን ነገሩን ያብሳል። ውሃ ከለመ አፈር ወደ ጠጠር በቀላሉ አይሻገርም፤ በመሆኑም ውሃ የሞላው ክፍል ከጠጠሩ በላይ ይቀመጣል፣ የሥሩ ቦታም በጠጠሩ ልክ ያጥራል።

ዋልካ ደግሞ ለከረጢት ከሚያስቸግሩ አፈሮች ሁሉ ዋነኛው ነው። የጅሩ ገበሬ ዋልካው በክረምት ውሃ አቁሮ ስንዴውን እንዳያፍንበት መደብና ቦይ እያወጣ ትርፉን ውሃ እንደሚያስወጣ ለእናንተ መንገር አያስፈልግም። ያ ሁሉ ድካም ለሥር አየር ለማስገኘት ነው። ያንኑ አፈር ሦስት እጅ አድርጎ በከረጢት መሙላት ማለት መደቡንና ቦዩን አፍርሶ እንደ መዝራት ነው። ዋልካ ሌላም ጠባይ አለው፤ ሲረጥብ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይጨማደዳል። በከረጢት ውስጥ ሲጨማደድ ከፕላስቲኩ ግድግዳ ይላቀቅና ዙሪያውን ክፍተት ይፈጠራል። በማግስቱ የሚጠጣው ውሃ በዚያ ክፍተት ቁልቁል ወርዶ በቀዳዳው ይወጣል፤ ከላይ ለሚያይ ሰው ከረጢቱ ጠጥቶ ያንጠባጠበ ይመስለዋል፣ መሐሉ ግን ደረቅ ነው። አንዱን የጠወለገ ችግኝ መርጠው ከረጢቱን በምላጭ ከላይ እስከ ታች ቀደው ይመልከቱ። ነጭ ጫፍ ያለው ሥር ከላይኛው 5 ወይም 6 ሴንቲ ሜትር ብቻ ተሰብስቦ፣ የታችኛው ሥር ቡናማ ሆኖ ሲስቡት ቅርፊቱ እንደ እጅጌ የሚወልቅ፣ አፈሩም የረግረግ ሽታ ያለው ከሆነ ከዚህ በላይ ምስክር አያስፈልግም።

ሦስት፣ ሁለት፣ አንድ የሚለው ልክ በአገራችን የችግኝ ጣቢያዎች ሁሉ የታወቀ ነው፤ በለስላሳ ቀይ ወይም ቡናማ አፈር ሲሠራ መጥፎ አይደለም። ጥፋቱ አፈሩ ምን ዓይነት እንደሆነ ሳይታይ ቁጥሩ ብቻ መወሰዱ ነው። ድብልቅን በቁጥር ከማመን በልኬት ማመን ይሻላል፤ ልኬቱም ገንዘብ አይጠይቅም። ባዶ የሃይላንድ ጠርሙስ አንገቱን ቆርጠው ከታች አምስት ስድስት ቦታ ይብሱትና ቀዳዳዎቹን በፕላስተር ይድፈኑ። 1 ሊትር ድብልቅ ከረጢት በሚሞሉበት አሞላል ሞልተው፣ ውሃ በጎን በኩል ቀስ እያሉ፣ ላዩ ላይ እስኪያብለጨልጭ ድረስ ይጨምሩ። አንድ ሰዓት ቆይተው ውሃው ጎድሎ ከሆነ ይሙሉት። ከዚያ ጠርሙሱን በሳህን ላይ አቁመው ፕላስተሩን ይንቀሉና ጠብታው ሲቆም የወጣውን ውሃ ይለኩ። የወጣው ውሃ ቦታውን ለአየር ለቅቋል። ከ1 ሊትር ድብልቅ 150 ሚሊ ሊትር ቢወጣ የአየሩ ድርሻ 15 በመቶ ነው ማለት ነው። ለከረጢት ችግኝ ከ10 እስከ 30 በመቶ ያለው ተቀባይነት ያለው ልክ ነው፤ አፈር ላለበት ድብልቅ ከ15 እስከ 20 በመቶ ካገኙ ደስ ይበልዎ። ከ10 በታች ከሆነ ያ ድብልቅ የቱንም ያህል ምግብ ቢኖረው ለከረጢት አይሆንም። ከ30 በላይ ከሆነ ደግሞ ቶሎ ስለሚደርቅ ውሃ በማመላለስ ትደክማላችሁ። የአየሩ ድርሻ በዕቃው ቁመት ስለሚለዋወጥ፣ የተለያዩ ድብልቆችን ሲያወዳድሩ ጠርሙሶቹ እኩል መሆናቸውን፣ ድብልቁም ከከረጢትዎ ቁመት ጋር ተቀራራቢ ከፍታ መያዙን ያረጋግጡ።

ለእናንተ ቦታ የምመክረው መነሻ ዋልካውን ከሦስት እጅ ወደ አንድ እጅ ዝቅ ማድረግ፣ የተብላላና በወንፊት የተነፋ ኮምፖስት ሁለት እጅ፣ ሻካራ አሸዋ ወይም የተፈጨ ቀይ ገሞራ ድንጋይ፣ ማለትም ግንበኞች ሬዳሽ የሚሉትን፣ ሁለት እጅ ማድረግ ነው። ቀይ አፈር ከቅርብ ከተገኘ በዋልካው ፈንታ እሱን መጠቀም ይሻላል። አሸዋው ላይ አደራ የምለው ልመቱን ነው። ከወንዝ ዳር የሚገኘው ልም ያለ ደቃቅ አሸዋ በዋልካ ቅንጣቶች መካከል ገብቶ ይሰነቀርና ድብልቁን ጡብ ያስመስለዋል፤ የሚያስፈልገው ከ1 እስከ 3 ሚሊ ሜትር የሚሆነው ሻካራው ነው። ጥቂት አሸዋም ፋይዳ የለውም፤ ቅንጣቶቹ እርስ በርስ ተነካክተው በመካከላቸው ቀዳዳ እስኪፈጥሩ ድረስ መብዛት አለበት፤ አንድ እጅ አሸዋ በሦስት እጅ ዋልካ ውስጥ ተውጦ ይቀራል። ሬዳሹ በውስጡ ራሱ ቀዳዳ ስላለው ከአሸዋ ይቀላል፣ አየርም ውሃም ይይዛል፤ ከስምጥ ሸለቆ ወገን አንድ ጭነት ማስመጣት መጀመሪያ ላይ ውድ ቢመስልም፣ በየዓመቱ ከሚቃጠለው ነዳጅ ጋር ሲተያይ ሊያዋጣ ስለሚችል ሒሳቡን ሠርታችሁ እዩት።

የኮምፖስቱ ነገር ሰፋ ያለ ነው። በሰሜን ሸዋ ደጋ ማገዶ ስለሚያንስ የከብቱ ፍግ ኩበት ሆኖ ይነዳል፤ ስለዚህ ለችግኝ የሚተርፈው ጥቂት፣ ያውም ያልበሰለ ትኩስ ፍግ ነው። ትኩስ ፍግ በከረጢት ውስጥ ሲብላላ አየሩን ራሱ ይጨርሳል፣ አሞኒያ ያወጣል፣ ጨውም ይዟል፤ ለለጋ ሥር ሦስቱም ጠንቅ ናቸው። የስንዴና የጤፍ ገለባ፣ የምስርና የባቄላ እብቅ፣ ከበግ ጉሮኖ የሚጠረገው ጉድፍ በእናንተ አካባቢ አይጠፋም። ደረቁን ገለባ በማጭድ ቆራርጦ ከጉሮኖው ጥራጊ ጋር መደራረብ፣ በእጅ ሲጨመቅ ጠብታ የማያወጣ ግን እጅ የሚያረጥብ እስኪሆን ማርጠብ፣ ክምሩን ከሰው ወገብ ከፍ አድርጎ መሥራትና ሙቀቱ ከ55 እስከ 65 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ እንዲደርስ እየጠበቁ ማገላበጥ ያስፈልጋል። ያ ሙቀት የአረሙን ዘርና አብዛኛውን የበሽታ ተሕዋስ ይገድላል። ብስለቱን ለማወቅ በኮምፖስቱ ላይ ጥቂት የጎመን ዘር ዘርቶ ማየት ይበቃል፤ ዘሩ በቅሎ ቅጠሉ ካልገረጣ ደርሷል። አመድ በኮምፖስት ላይ የመድፋት ልማድ በብዙ ቦታ አለ፤ እናንተ ግን ተዉት፤ አመድ የአፈሩን ፒኤች (የኮምጣጣነት መለኪያ ነው፤ ቁጥሩ ከፍ ሲል ኮምጣጣነቱ ይቀንሳል) ከፍ ስለሚያደርግ ከጉድጓድ ውሃችሁ ጋር ሆኖ ያለባችሁን ችግር ይጨምራል። ያልተብላላ የባሕር ዛፍ ሰጋቱራም እንዲሁ አይሁን፤ ሰጋቱራ ሲበሰብስ ናይትሮጅኑን ከችግኙ ይሻማል።

አንዳንድ ጣቢያዎች ይህን ድካም ሽሽት የደን አፈር ያስመጣሉ። ወፍ ዋሻን ከመሰለ፣ በአገሪቱ ከቀሩት ጥቂት የተፈጥሮ ደኖች አንዱ ከሆነ ቦታ አፈር ዝቆ ችግኝ ማፍላት ደን ለመትከል ደን ማራቆት ነው፤ በዚህ ላይ ምንም ዓይነት ለዘብ ያለ ምክር ልሰጥ አልችልም። ለጥዱ የሚጠቅመው ከሥሩ ጋር ተባብሮ ምግብ የሚስብለት ፈንገስ ብቻ ስለሆነ፣ ከቤተ ክርስቲያን ቅጽር ካለ ጤነኛ ጥድ ሥር፣ ካህናቱን አስፈቅደው፣ ለአንድ መደብ ድብልቅ አንድ እፍኝ አፈር ቢቀላቅሉ ይበቃል።

አሁን ወደ ውሃው ልምጣ። 12 በርሜል ባለ 200 ሊትር ሲሆን 2,400 ሊትር ነው፤ ለ8,000 ከረጢት ሲካፈል ለእያንዳንዱ በቀን 300 ሚሊ ሊትር ይደርሰዋል። የከረጢትዎ አፍ ስፋት 50 ካሬ ሴንቲ ሜትር ያህል ነው። በበጋ ፀሐይና ነፋስ በደጋ አገር በቀን ከ4 እስከ 5 ሚሊ ሜትር ውሃ ቢተን፣ ከዚያ ስፋት ላይ የሚሄደው ከ20 እስከ 25 ሚሊ ሊትር ነው፤ ቅጠሉ ከከረጢቱ አፍ ወጥቶ ስለሚዘረጋ እጥፍ እናድርገውና 50 ይሁን። እንግዲህ 50 ለሚያስፈልገው 300 እየቀረበ ነው። ትርፉ ግማሹ በከረጢቶቹ መካከል መሬት ላይ ይፈስሳል፤ ግማሹ በከረጢቱ አልፎ የበጠበጣችሁትን ማዳበሪያ አጥቦ ይወጣል።

ለእያንዳንዱ መደብ ትክክለኛውን መጠን የሚነግራችሁ ሚዛን ነው። የሱቅ ሚዛን ይበቃል። ከመደቡ መሐል አምስት ከረጢቶች መርጣችሁ ምልክት አድርጉባቸው፤ ጠዋት በደንብ አጠጥታችሁ ጠብታቸው ሲያቆም መዝኑና ክብደታቸውን ጻፉ። በማግስቱ በዚያው ሰዓት እንደገና መዝኑ። የጎደለው እያንዳንዱ ግራም አንድ ሚሊ ሊትር ውሃ ነው። 750 ሚሊ ሊትር የሚይዝ ከረጢት በጥሩ ድብልቅ ሲሞላ ችግኙ ሊስበው የሚችል 190 ሚሊ ሊትር ያህል ውሃ ይይዛል፤ የዚህ ግማሽ ሲያልቅ፣ ማለትም ክብደቱ ከ90 እስከ 100 ግራም ሲቀንስ ማጠጣት ተገቢ ነው። ይህ ለጥዱ በሁለት ቀን፣ ለጌሾው ምናልባት ከዚያ ፈጠን ብሎ ሊሆን ይችላል፤ ሦስቱ ዓይነቶች በአንድ መደብ ተቀላቅለው ከቆሙ ግን አንዱን ሲያጠጡ ሌላውን ያሰጥማሉና በየመደባቸው ይለያዩ። በመደቡ ዳር ያሉት ከረጢቶች ፀሐይና ነፋስ ስለሚያገኛቸው ከመሐሎቹ ቶሎ ይደርቃሉ፤ የዳሩን ረድፍ በአፈር ወይም በገለባ መክለል ለነሱ ብቻ ሲባል መደቡን በሙሉ ከማጠጣት ያድናል።

ምን ያህል እንደሚባክን ለማወቅ ሁለተኛ ልኬት አለ። ሦስት ከረጢቶችን ጆግ በመሰለ ዕቃ አፍ ላይ፣ ታቹ ሳይነካ፣ ከላይ የሚረጨውም በጎን ወደ ዕቃው እንዳይገባ አድርገው ያስቀምጡ፤ የታወቀ መጠን ያጠጧቸውና ከአንድ ሰዓት በኋላ ከሥር የወጣውን ይለኩ። 100 አጠጥተው 15 ከወጣ በቂ ነው፤ ጨው እንዳይጠራቀም ከ10 እስከ 20 በመቶ የሚሆን እጥበት ያስፈልጋል። 40 ወይም 50 ከወጣ ውሃም ማዳበሪያም እየደፋችሁ ነው። በዚህ ስሌት ለ50 ሚሊ ሊትር ፍጆታ 60 ማጠጣት ይበቃል፤ ለ8,000 ከረጢት በቀን 480 ሊትር፣ ማለትም ሁለት በርሜል ተኩል ገደማ መሆኑ ነው። በማጠጫ ባልዲ ከላይ ስትረጩ በመካከል የሚፈሰው ስለማይቀር ሦስት ወይም አራት በርሜል ቢሆን አይገርመኝም፤ 12 ግን በምንም አይሆንም። የደረቀ ከረጢት ውሃ ቶሎ አይቀበልም፤ ስለዚህ የቀኑን ድርሻ ጠዋት ላይ በሁለት ከፍሎ፣ በመካከሉ ግማሽ ሰዓት ያህል ታግሶ ማጠጣት አንድ ጊዜ ከመድፋት የተሻለ ይይዛል።

ነጩ ቅርፊት ምን እንደሆነ በሎሚ ይለያል። ቅርፊቱን በቢላ ፍቀው የሎሚ ጭማቂ ጠብ ያድርጉበት። አረፋ ካወጣ ከጉድጓዱ ውሃ የመጣ የኖራ ዓይነት ነው፤ ሳያረፋ በንጹሕ ውሃ ብቻ ከሟሟ የማዳበሪያና የፍግ ጨው ነው። በእናንተ ሁኔታ ሁለቱም እንዳሉበት እገምታለሁ። የጉድጓድ ውሃ ቢካርቦኔት የበዛበት ሲሆን በየቀኑ በትንሹ በትንሹ የከረጢቱን ፒኤች ከፍ ያደርጋል። ለአብዛኛው ችግኝ የሚስማማው ፒኤች ከ5.5 እስከ 6.5 ነው፤ ከ7 ሲያልፍ ብረት የተባለው ንጥረ ነገር በአፈሩ ውስጥ እያለ ለሥሩ አይሟሟም። የአዲሱ ቅጠል መገርጣትና የጅማቱ አረንጓዴ መሆን የብረት እጥረት መልክ ነው። የናይትሮጅን እጥረት ቢሆን ኖሮ መጀመሪያ የሚገረጣው የታችኛው አሮጌ ቅጠል በሆነ፣ ጅማቱም አብሮ በገረጣ ነበር። ለዚህ ነው ዩሪያው ያልረዳው። ውሃውን በላቦራቶሪ ሲያስመረምሩ አልካሊኒቲው፣ ማለትም አሲድን የማርከስ አቅሙ፣ ስንት እንደሆነ ይጠይቁ፤ በሊትር ከ100 ሚሊ ግራም በታች ከሆነ አያሳስብም፤ ከ150 ሲያልፍ መላ ያስፈልገዋል። የባትሪ አሲድ የመጨመር ሐሳብ የሚያቀርብ ሰው አይጠፋም፤ ለሰውም ለችግኝም አደገኛ ስለሆነ እንዳትሞክሩት። ቀላሉና የሚሻለው የዝናብ ውሃን ማቀላቀል ነው። 60 ካሬ ሜትር የቆርቆሮ ጣሪያ፣ በዓመት 800 ሚሊ ሜትር ዝናብ ቢያገኝና አምስተኛው ቢባክን እንኳ፣ 38,400 ሊትር ይሰጣል። ጂኦሜምብሬን በተባለው ውሃ የማያሳልፍ ፕላስቲክ በተለበጠና በተከደነ ጉድጓድ ውስጥ ከተጠራቀመ፣ በቀን 480 ሊትር ለሚፈልግ ጣቢያ የ80 ቀን ውሃ ነው፤ በሞተር ከምትስቡት የጉድጓድ ውሃ ጋር እኩል በእኩል ሲቀላቀል ደግሞ የ160 ቀን። በ12 በርሜል አጠጣጥ ቢሆን ኖሮ ያው ውሃ ብቻውን ለ16 ቀን ብቻ በበቃ ነበር።

ማዳበሪያውን በተመለከተ እስካሁን የሆነውን ላስረዳ። ዩሪያ በአፈር ውስጥ መጀመሪያ ወደ አሞኒየም ይለወጣል፤ በዚህ ጊዜ የአካባቢውን ፒኤች ከፍ ያደርገዋል። አየር ባለበት ድብልቅ ውስጥ ተሕዋስያን አሞኒየሙን ወደ ናይትሬት ስለሚቀይሩት ችግሩ ያልፋል። አየር በሌለበት ከረጢት ግን አሞኒየሙ ተጠራቅሞ ሥሩን ይጎዳል፤ ቀድሞ ናይትሬት የሆነውም ወይ በውሃው ይታጠባል፣ ወይ ወደ ጋዝ ተለውጦ ይበናል። ከድብልቁ መስተካከል በኋላ የሚያስፈልገው እጅግ ጥቂት ነው። ዩሪያ 46 በመቶ ናይትሮጅን ስላለው በ200 ሊትር በርሜል 43 ግራም ብቻ ሲበጠበጥ በሊትር 100 ሚሊ ግራም ናይትሮጅን ይገኛል፤ በ20 ሊትር ጀሪካን ከሆነ አንድ ልክ ያለ የሻይ ማንኪያ ገደማ ነው። ይህን በሳምንት አንድ ጊዜ፣ በመደበኛው ውሃ ፈንታ ማጠጣት ይበቃል፤ ለጥዱ ግማሹም ያንሰዋል አልልም። በእፍኝ መዝገን ይቅር፤ የወርቅ ቤት ባይሆንም ትንሽ የወጥ ቤት ሚዛን ግዙ።

ኤንፒኤስ 38 በመቶ ፎስፌት ያለው ማዳበሪያ ነው፤ ለስንዴ ማሳ የተሠራ እንጂ ለከረጢት አይደለም። ፎስፎረስ ሲበዛ የብረትን እጥረት ያባብሳል። ግራቪሊያ ደግሞ ፎስፎረስ በጣም ባነሰበት አፈር ላይ ያለችውን ለቃቅሞ ለመኖር የሚያስችል ልዩ ሥር ካላቸው ዕፅዋት ወገን ነው፤ ይህ ወገን ፎስፎረስ ሲትረፈረፍለት ይመረዛል። ግራቪሊያው ከሌሎቹ ለይቶ የባሰበት በዚህ ይመስለኛል። ኤንፒኤሱን ለሦስቱም አቁሙ፤ የበሰለው ኮምፖስት የሚይዘው ፎስፎረስ ይበቃቸዋል። የገረጡትን ለማዳን ብረት በቅጠል መርጨት ጊዜያዊ እርዳታ ይሰጣል፤ አይረን ሰልፌት በሊትር ከ2 እስከ 3 ግራም በጥብጣችሁ፣ ቅጠል እንዳያቃጥል መጀመሪያ በጥቂት ችግኞች ላይ፣ ፀሐይ ከዘቀዘቀ በኋላ ሞክሩ። በአፈር የሚሰጥ ኪሌት፣ ማለትም ሟሙቶ እንዲቆይ በሌላ ውህድ የተያዘ ብረት፣ ከተገኘ ፒኤች ከፍ ባለበት የሚጸናው ኢዲዲኤችኤ የተባለው ዓይነት ነው፤ ኢዲቲኤ የተባለው ርካሽ ቢሆንም በእናንተ አፈር ቶሎ ይፈርሳል።

ከመደቡ የሚወጣው ውሃ የት እንደሚሄድም አስቡበት። ጉድጓዱ ከጣቢያው በታች ያለ ከሆነና ሰውም የሚጠጣበት ከሆነ፣ የታጠበው ናይትሬት ተመልሶ ወደ እንስራ ይገባል። የዓለም ጤና ድርጅት ለመጠጥ ውሃ ያስቀመጠው ጣሪያ በሊትር 50 ሚሊ ግራም ናይትሬት ነው፤ ከዚያ በላይ ሲሆን በተለይ በጡጦ ለሚያድጉ ሕፃናት አደጋ አለው። ከጉድጓዱ ቢያልፍም ወደ ጅረት፣ ከጅረት ወደ ጀማ ይወርዳል። በመደቡ ግርጌ ቦይ ቆፍራችሁ ፍሳሹን ወደ አንድ ጉድጓድ ሰብስቡ፤ በቦዩ ዳር ደሾ ወይም ቬቲቨር የተባለውን ሣር ብትተክሉበት ማዳበሪያውን ይስባል፣ ለከብትም መኖ ይሆናል። የተሰበሰበውን ውሃ ለዛፎችና ለአትክልት እንጂ ለለጋ ችግኝ አትመልሱት፤ ሥር የሚያበሰብሱ ተሕዋስያን በውሃ ስለሚጓዙ የአንዱ መደብ በሽታ ለሁሉም ይዳረሳል።

አሁን በእጃችሁ ያሉትን 8,000 ችግኞች በሙሉ አፈር ቀይሩላቸው አልልም። የተሻሉትን ለዩና በተደላደለ፣ 5 ሴንቲ ሜትር ደቃቅ አሸዋ በተነጠፈበት መደብ ላይ የከረጢቱ ታች አሸዋውን በደንብ እንዲነካ አድርጋችሁ አቁሟቸው። ደቃቁ አሸዋ በድብልቅ ውስጥ የማልፈልገው ቢሆንም እዚህ ቦታ ይጠቅማል፤ ከከረጢቱ ታች የቆመውን ውሃ እንደ አፈር ሆኖ ይስበዋል። ፕላስቲክ ወይም ጠጠር ላይ የቆመ ከረጢት ይህን ዕድል አያገኝም። ሥሩ ወደ አሸዋው ስለሚወርድ በየሦስት ወይም አራት ሳምንቱ ከረጢቱን እያነሱ የወጣውን ሥር መግረዝ ግድ ነው። በከረጢቱ ጎን ታችኛው ሲሶ ላይም ተጨማሪ ቀዳዳ በሚስማር ብሱ፤ አንድ ጊዜ በዝናብ ወይም ጨው በሌለው ውሃ በደንብ አጥባችሁ፣ ከዚያ በሚዛኑ ልክ ብቻ አጠጡ። እጅግ የቀጨጩትን ጥዶች በአዲሱ ድብልቅ፣ 20 ሴንቲ ሜትር ቁመት ባለው ከረጢት አዛውሯቸው። ጥድ ቀስ ብሎ የሚያድግ ስለሆነ እነዚህ ለዘንድሮ ሐምሌ አይደርሱም፤ ለሚቀጥለው ዓመት ይቆዩ።

ለዘንድሮ የሚተከሉት ከግንቦት አጋማሽ ጀምሮ ዩሪያ ይቁምባቸው፤ ጥላው ይነሣ፤ ውሃውም ከ100 ግራም ፋንታ 120 ግራም ያህል እስኪጎድል ይዘግይ፤ በዚህ መንገድ ግንዱ ይጠነክራል። ለሚቀጥለው ዓመት የሚቆዩት ጥዶች ደግሞ ከመስከረም በኋላ ናይትሮጅን አይሰጣቸው፤ ለምለም ቅጠል ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ባለው ውርጭ ይመታል። ሰማዩ ጠርቶ ነፋስ በሌለበት ምሽት ከረጢቱ ደረቅ ሆኖ እንዳያድር ቀትር ሳያልፍ አጠጧቸው፤ እርጥብ አፈር የቀኑን ሙቀት ከደረቅ አፈር ይበልጥ ይዞ ያድራል።